አረንጓዴውና ቀዩ ዒላማ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጎንደር አራዳ፣ ካንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ባለች ማተሚያ ቤት በዲዛይነርነት እሠራ ነበር። ዲዛይነር ይባል እንጂ የዘወትር ሥራዬ የሠርግ ጥሪ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የምርቃት ባነርና የሙት ዓመት ፎቶ ማዘጋጀት ነው። ፎቶሾፕን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴ እየነካካሁና እያበላሸሁ ነው የለመድሁት። በዚህም የተነሣ ይመስለኛል፣ በሥራዬ ከመጠን በላይ እኮራ ነበር። ደንበኛ “ይኼ አልገባኝም” ካለኝ ችግሩ የደንበኛው እንጂ የእኔ ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

አንድ ቀን ጌታቸው የሚባል የውሃ ባለሙያ ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፀሐይ ያከሰለው፣ ችኩል፣ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው። ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ አንድ የደጋ ቀበሌ (ስሙ ይቆየን) አምስት ምንጮች ተመርምረው ሦስቱ ንጹሕ፣ ሁለቱ የተበከሉ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለቱን ከብት እንጂ ሰው እንዳይጠጣቸው በየምንጩ ራስ ላይ ምልክት ሊተከል ታስቧል።

“ብዙው ሰው ማንበብ አይችልም፤ ጽሑፍ እንዳታበዢ” አለኝ። “ከሩቅ የሚለይ ነገር ይሁን። ባለፈው ክረምት ሕፃናት ታመውብናል፤ አንዷ አልተረፈችም።”

ሲነግረኝ ወዲያው ዒላማ ነው የመጣልኝ። ክብ በክብ ውስጥ፣ መኻሉ ላይ ድፍን ነጥብ። ከሩቅ ዓይን ይስባል፤ ደግሞም ጠጠር ሲጣልበት ውሃ ላይ የሚሰፋውን ቀለበት ይመስላል። አዲስ ገጽ ከፈትሁ። ሺፍት ተጭኜ ትልቁን ክብ ሳልሁ፤ ክቡ ያለበትን ሌየር (ንጣፍ) ቀድቼ አሳነስሁት፤ እንደገና ቀድቼ አሳነስሁት፤ ከዚያ ሁሉንም መኻል ለመኻል አጋጠምሁ። ቀላል ይመስላል እንጂ የቀለበቶቹ ውፍረትና በመካከላቸው ያለው ክፍተት እኩል ካልሆነ ዓይን ይረብሻል፤ እሱን ሳስተካክል ግማሽ ቀን ሄደ። አረንጓዴው ዒላማ “ጠጡ” ነው፤ ቀዩ “አትጠጡ”። ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በቀለም ብቻ። ጎን ለጎን ሲታዩ አንዱ ሌላውን እንዳይጫነው ብዬ የሁለቱን ቀለም ድምቀት ቁጥር በቁጥር አመጣጠንሁት። ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ንጹሕ ሥራ ያለ አልመሰለኝም። ጌታቸውም አይቶ “ሸጋ ነው” አለ። አምስቱ ምልክቶች ላሜራ ላይ ታትመው ረቡዕ ተረከባቸው።

ዓርብ ጠዋት አብሬው ወጣሁ። ምልክቶቹ ከተተከሉ በኋላ ለሪፖርቱ ፎቶ እንዳነሣለት ለምኖኝ ነበር፤ እኔም ሥራዬን በቦታው ቆሞ ማየት ፈልጌ ነበር። እስከ ዳባት በሚኒባስ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእግር ነው። ዳገቱን ስንወጣ ጌታቸው ያደረገውን ሁሉ ነገረኝ። ያለፈው እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ሰብስቦ “አረንጓዴ ካያችሁ ጠጡ፣ ቀይ ካያችሁ እለፉ” ብሎ አስተምሯል። ላሜራዎቹን ደግሞ ለምንጮቹ ጠባቂ ለአያ መኳንንት ሰጥቷቸዋል።

“ስድሳውን አልፈዋል፤ ግን እንደሳቸው ያለ ሠራተኛ የለኝም” አለኝ። “ትናንት ብቻቸውን ቆፍረው፣ ድንጋይ ጠቅጥቀው ጨርሰውታል። ደውለውልኝ ነበር።”

ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ የመጀመሪያው ምንጭ ዘንድ ደረስን። ከቋጥኝ ሥር የሚወጣ ኩልል ያለ ውሃ ነው። ከአጠገቡ የእኔ ዒላማ በቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ተቸንክሯል። ደስ ብሎኝ ስልኬን አወጣሁ። ጌታቸው ግን ባለበት ቆመ።

“እንዴ! ይኼ ንጹሑ ምንጭ ነው። ቀይ እዚህ ምን ይሠራል?”

እውነትም ምልክቱ ቀይ ነው።

“አሳስተሽ አትመሽ ይሆን?” አለኝ።

“ሦስት አረንጓዴ፣ ሁለት ቀይ ነው ያተምሁት። ቆጥረህ ተረክበሃል።”

“እንግዲያ አንዱ አረንጓዴ የት ገባ?”

መልሱ ለሁለታችንም እኩል ነው የመጣልን። ጌታቸው ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቁልቁል መሮጥ ጀመረ፤ እኔም ተከተልሁት።

ከተበከሉት ምንጮች አንዱ ከከብት በረቶች በታች፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከሩቅ አየሁት። አረንጓዴው ዒላማ ቀለበቶቹ ሁሉ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ እንዳሰብሁት ዓይን ይስባል። ከሥሩ አራት ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው ከዚህ የምትቀዱት?” አለ ጌታቸው ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

“ከትናንት ጀምሮ ነዋ” አለች አንደኛዋ። “የላይኛው ቀይ ሆነ። አንተው አይደለህ እሑድ ያስተማርኸን? ይኸው አረንጓዴ ፈልገን መጣን።”

“ስንት ቀዳችሁ?”

“የእትዬ ዝማም ባል ተዝካር ነገ ነው። ሁለት በርሜል ሞልተናል፤ አንድ ቀርቶናል።”

የተዝካር ዕለት የቀበሌው ሰው ሁሉ እዚያ ግቢ ይገባል። ሽማግሌም ሕፃንም ከነዚያ በርሜሎች ይጠጣል ማለት ነው። ጌታቸው ጭንቅላቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

በዚህ መኻል ዶማ የያዙ፣ ነጭ ጋቢ ያጣፉ ረዥም ሽማግሌ በበረቶቹ በኩል ብቅ አሉ። ፊታቸው በፈገግታ የበራ ነው፤ ሥራቸውን የሚያሳይ ሰው ፊት። አያ መኳንንት ናቸው።

“ምነው፣ ምን ሆናችሁ? አላማረም እንዴ?” አሉ።

ጌታቸው ከተቀመጠበት ተነሣ። አንቱታውን ረስቶት ነበር። “ጠጥተህ ነው እንዴ የተከልኸው? ለሰው የማይሆነውን አረንጓዴ፣ ንጹሑን ቀይ አድርገህ! ሕዝብ ልትፈጅ ነው?”

በዚያ አገር በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ሰው ሽማግሌን እንዲያ ተናግሮ አይታወቅም። የአያ መኳንንት ፈገግታ ባንድ ጊዜ አልጠፋም፤ መሄጃ እንዳጣ ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ።

“ጠላ ባፌ ከዞረ ሰንብቷል” አሉ። “እንደተባልሁት ነው የተከልሁት።”

ቦርሳዬ ውስጥ ሁለቱ ምልክቶች በወረቀት የታተሙ ነበሩ፤ አውጥቼ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጄ ያዝሁ።

“አያ፣ ቀዩ የትኛው ነው?”

ወረቀቶቹን አላዩም፤ ያዩት ፊቴን ነው። ከዓይኔ መልስ ሊያገኙ ሲፈልጉ ቆይተው ወደ ግራ እጄ ጠቆሙ። በግራ እጄ የያዝሁት አረንጓዴው ነው። አንዷ ሴት ፈገግ አለች። እኔ ግን ጠረጠርሁ። ሽማግሌውን ትንሽ ራቅ አድርጌ ወሰድኋቸውና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋቸው።

“ለአንቱ ሁለቱም አንድ ናቸው?”

“ድሮም አንድ ናቸው፣ ልጄ” አሉ። “ልጅ ሆኜ እንፍራንዝ በኩል አጎቴ ዘንድ ነው ያደግሁት። በርበሬ ስለቅም የበሰለውን ካልበሰለው እየቀላቀልሁ ይገርፉኝ ነበር። ሰነፍ ይሉኛል። እኔም ሰነፍ ነኝ ብዬ ተቀበልሁ።”

“ታዲያ ይኼን ሲተክሉ ሰው ምነው አልጠየቁ?”

“ጌታቸው ሲሰጠኝ ‘ከላይ ሦስቱ አረንጓዴ፣ ከታች ሁለቱ ቀይ’ ብሎ ደርድሮ ነው የሰጠኝ። በልቤ ይዤው ነበር። አህያዋ ዳገቱ ላይ ተሰነካክላ ጭነቱን ጣለችው፤ ተበተነ። ይኼን ያህል ዕድሜ የጠገበ ሰው ‘ቀይ የትኛው ነው?’ ብሎ ይጠይቃል?”

ሁለቱን ወረቀቶች ሣሩ ላይ ዘርግቼ በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸውና ቀለሙን አጠፋሁት። በጥቁርና ነጭ ሁለቱ ዒላማዎች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ቀሩ፤ መንትያ ናቸው፤ የቱ የቱ እንደሆነ እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። ድምቀታቸውን ቁጥር በቁጥር ያመጣጠንሁት እኔ ነኝ። ቅርጻቸውን አንድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እኒህ ሰው ሊለዩበት የሚችሉትን ነገር ሁሉ ላሳምር ብዬ አንድ በአንድ አጥፍቼባቸዋለሁ።

ጌታቸው በበኩሉ ለሴቶቹ ይናገራል። “እሑድ ስብሰባ እንጠራለን። ጠባቂ ይለወጣል። እንዲህ ባለ ሰው እጅ የሕዝብ ሕይወት አይጣልም።” አያ መኳንንት ሰምተዋል። ዶማቸውን መሬት አስቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ፤ ሊከራከሩ አልፈለጉም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወዲያው አልተናገርሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው ካልሁ ላሜራው ሁሉ እንደገና ሊሠራ ነው፤ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር የሚታገሥ ሰው አይደለም። ሽማግሌው ራሳቸው ዝም ብለዋል፤ እኔም ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። ይህን ሳሰላ ያለፈው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ያቺ ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

“ጌታቸው፣ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ የእኔ ነው” አልሁ፤ ድምፄ ካሰብሁት በላይ ጮኸ። ስልኩን ሰጠሁት። “ለይልኝ እስቲ። ቀዩ የትኛው ነው?”

አገላብጦ አየው። “ይኼማ ቀለሙን አጥፍተሽው ነው።”

“ለአያ መኳንንት እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ እንዲህ አንድ ናቸው። ዓይናቸው ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ሲፈጥራቸው ነው። እኔ ደግሞ በቀለም ብቻ የሚለይ ምልክት ሠርቼ ሰጠኋቸው።”

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጌታቸው ሽማግሌውን አየ፤ ስልኩን አየ፤ እንደገና ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ሄዶ ዶማውን ከመሬት አነሣና በሁለት እጁ ሰጣቸው። “ይቅር ይበሉኝ አያ” አለ። እሳቸውም “ይቅር ለእግዚአብሔር” አሉና ቀጠሉ፤ “አሁን ውሃው ይደፋ። ወሬው ኋላ ይደርሳል።”

የእትዬ ዝማም ግቢ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሰው ይተራመሳል። እትዬ ዝማም ጥቁር የለበሱ፣ ደከም ያሉ ሴት ናቸው። ጌታቸው ነገሩን ሲያስረዳቸው መጀመሪያ ፈጽሞ እንቢ አሉ።

“ከትናንት ጀምሮ ሴቱ ሁሉ ወገቡ ተቆርጦ ነው የሞላው። ነገ ለካህናቱ ምን ላቀርብ ነው? ደግሞ አረንጓዴ ካያችሁ ጠጡ ያላችሁት እናንተ ናችሁ!”

“እኔ ነኝ የተሳሳትሁት፣ እትዬ” አልሁ። “እኔ እቀዳለሁ።”

ይህን ስል ልጃቸው የሁለት ዓመት ሕፃን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። ሕፃኗ ከጠዋት ጀምሮ ስታስመልስና ስታስቀምጥ እንደዋለች፣ አሁን ዓይኗ እየተገለበጠ መሆኑን ነገረችን። ማታ የጠጣችው ከበርሜሉ ነው። እትዬ ዝማም ይህን ሲሰሙ ራሳቸው ሄደው የመጀመሪያውን በርሜል በትከሻቸው ገፍተው ደፉት።

ጌታቸው ሕፃኗን አቅፎ ከእናቷ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው ወረደ። የቀረነው ከላይኛው ምንጭ መቅዳት ጀመርን። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዬ አዝዬ አላውቅም፤ ገመዱን አስተካክላ ያሰረችልኝ ቅድም ፈገግ ያለችው ሴት ናት። ስሟ ትርንጎ ነው። በእያንዳንዱ ምልልስ ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ አያለሁ። የሚመጣ ሰው የለም። ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ ወረድሁ። አራተኛው ላይ ጌታቸው ደወለ።

“ፈሳሹን እየወሰደች ነው። ዓይኗን ገልጣለች” አለኝ። “ነርሷ ከውሃው ይሁን ከሌላ ነገር በእርግጠኝነት መናገር አልችልም ብላለች። ግን ትተርፋለች።”

ጀሪካኑን እንዳዘልሁ ሜዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ከሰዓት በኋላ ምልክቶቹን ነቅለን ቦታቸውን አቀያየርን። ይህ ግን መፍትሔ አልሆነልኝም፤ ነገ ነፋስ ጥሎ አንዱን ሌላ ሰው ቢያነሣውስ? ጌታቸው ምሰሶዎቹ ላይ ቁጥር ሊጽፍ አምጥቶ የተወልን ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ነበር። በተበከለው ምንጭ ዒላማ ላይ ሁለት መስመር አቋርጬ ትልቅ የክልክል ምልክት አደረግሁበት። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። ትርንጎን ጠርቼ አሳየኋት።

“ይኼ ምን ይላል?”

ትንሽ አየችውና ነጠላዋን አስተካከለች። “መስቀል ነዋ። ምንጩ ጠበል ሆነ ማለት ነው?”

አያ መኳንንት ሳቁ፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው። “እንግዲህ ከሳንጃ ድረስ ሰው ሊመጣልሽ ነው፤ ሊጠመቅ።”

እኔም ሳቅሁ፤ ግን ደንግጬም ነበር። “አትጠጡ” ያልሁ መስሎኝ “ጠጥታችሁ ተፈወሱ” ልል ነበር። መስመሮቹን በጨርቅ ጠረግሁና ብሩሹን አስቀመጥሁ።

“እናንተ ብትሆኑ ምን ትስሉ ነበር?” አልኋቸው። ይህን ጥያቄ ለማንም ደንበኛ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ትርንጎ ከወገቧ የጣሳ መቅጃዋን ፈታች። “እኛማ ውሃ የለም ለማለት ጣሳ እንደፋለን” አለችና ድንጋይ ላይ በአፉ ደፋችው። “የተደፋ ጣሳ ያየ ሰው አይቀዳም።”

ይኸው ነበር። በንጹሑ ምንጭ ዒላማ መኻል ቀጥ ብሎ የቆመ ባለ እጀታ ጣሳ፣ በተበከለው ዒላማ መኻል የተደፋ ጣሳ፣ ሁለቱንም በጥቁር ሳልሁ። ለአያ መኳንንት አሳየኋቸው። ጣታቸውን ሳያመነቱ በተደፋው ላይ አሳረፉ። “ይኼ የከብቱ ነው” አሉ። በመንገድ ያለፈውን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ፤ የተሳሳተ አልነበረም። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ አምስቱም ምንጮች ጣሳ ተስሎባቸው ነበር። አንዱም ጣሳ መስመሩ የተስተካከለ አልነበረም።

ሰኞ ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሁሉንም ነገርሁት። ተቆጣ፤ “አፍሽን ዘግተሽ ብትመጪ ምን ነበረበት?” አለኝ። አላባረረኝም፤ ግን ከዚያ በኋላ ጠቃሚ ሥራ አልሰጠኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ ወጥቼ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አዘዞ የራሳችንን ትንሽ ክፍል ከፈትን። ጌታቸው ግን ሥራውን ለእኔው ሰጠኝ፤ አዲሶቹን ላሜራዎች የሠራሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ ነደፍኋቸው፤ ቀለም የገባው ሁሉም ነገር ያለ ቀለም ከተለየ በኋላ ነው። የተደፋው ጣሳ ያለበትን ደግሞ ክቡን ትቼ ባለ አራት ማዕዘን አደረግሁት፤ በጨለማ የሚዳብሰው ሰው እንኳ በጠርዙ እንዲያውቀው።

ስንተክላቸው ተገኝቻለሁ። ሕፃኗ በእናቷ ቀሚስ ተንጠልጥላ ትሮጣለች። አያ መኳንንት አምስቱንም ብቻቸውን ተከሉ፤ የምንጮቹ ጠባቂ አሁንም እሳቸው ናቸው። ጨርሰን ስንመለስ ካጠገቤ እየሄዱ፣ “አንቺ ልጅ፣ ይኼ ቀይ የምትሉት ነገር ምን ይመስላል?” አሉኝ።

የምኖረው በቀለም ነው። በቀን ስንት ዓይነት ቀይ እንደማነካካ እኔ ነኝ የማውቀው። ልነግራቸው ሞከርሁ፤ እሳት አልሁ፣ ደም አልሁ፣ የበሰለ በርበሬ አልሁ። ሁሉንም ያውቋቸዋል፤ አንዱም ግን መልስ አይሆንም። “ተይው ልጄ” አሉ። “እኔም የኔን ላሳይሽ ብል አልችል።”

ይህን የምጽፍላችሁ ሁላችሁም ዲዛይነር ናችሁ ብዬ አይደለም። አስተማሪም ሁኑ፣ ሐኪምም ሁኑ፣ ለጎረቤት መንገድ የምታመለክቱም ሁኑ፣ ሌላ ሰው የሚያየው ነገር ትሠራላችሁ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬን ከማስረከቤ በፊት ለማላውቀው ሰው አሳያለሁ፤ “ይኼ ምን ይላል?” ብዬ ጠይቄ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፤ ማስረዳት ያምረኛል። አንዳንድ ደንበኛ ጊዜ ገደልሽብን ብሎ ይቆጣል፤ ይቆጣ። እናንተም አንድ ነገር ሠርታችሁ “ይኼንማ ማንም ያየዋል” ስትሉ፣ ያ “ማንም” ያላችሁት ሰው ማን እንደሆነ በስሙ ጥሩት። ስሙን መጥራት ካቃታችሁ ገና አላሳያችሁትም ማለት ነው።